ድሪሉ ወደ ፑንታው ሲሄድ

ባሌን የሚያውቀው ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ግንበኛና አናጺ የሥራቸውን መስተካከል የሚያዩባት፣ መሐሏ ላይ አረፋ ያላት መሣሪያ አለች፤ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ያለቦታው የተሰጠ ስም አይደለም። ሰው ልንጠይቅ ሄደን ገና ወንበር ሳይዝ፣ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ሄዶ ያቃናዋል። ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ካርቶን አጥፎ እግሩ ሥር ይሸጉጥለታል። ጤና ይስጥልኝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ስንጋባ እናቴ «ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን አንቺንም አጋድሞ ሳያይሽ አይቀርም» ብላኝ ነበር። አይቶኛል። የሚቃና ነገር አላገኘብኝም፤ ወይም ፈርቶ ትቶታል። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መቀስ በእጄ ነው የምውለው።

ሥራው በር መስቀል ነው። በሩን ሌላ አናጺ ይሠራዋል፤ እሱ ማጠፊያውን ይገጥማል፣ ይሰቅለዋል፣ ቁልፉን ያስገባል። ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ የራሱን ቤት በሮች ዞሮ ይያቸው። አንዱ ወለሉን ይፍቃል፣ አንዱ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፣ አንዱ ደግሞ ሌሊት ብቻውን እየተከፈተ ሰው ያስደነግጣል። ባሌ የሰቀለውን በር ግማሽ ላይ ከፍታችሁ ብትተዉት እዚያው ግማሽ ላይ ይቆማል። ብቻውን የሚሄድ በር ሲያይ «ይኼ ባለቤት የለውም» ይላል። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው ኩራት ለሌላ ሰው ሊያናድድ ይችላል። እኔን ግን ደስ ይለኛል። በሥራው የማይኮራ ሰው አጠገብ ማርጀት አልፈልግም።

ይህ ሰው ስንት ፎቅ ላይ ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም። የወደቀው ቤታችን ውስጥ ነው፤ አምፖል ሊቀይር በርጩማ ላይ ወጥቶ። በርጩማው ከጉልበቴ አይበልጥም። ያረፈው በግራ ትከሻው ላይ ነበር። አጥንቱ ድኗል፤ ከትከሻው የሚወርደው ነርቭ ግን አልዳነም። ሐኪሟ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችን። ክንዱ እንደ ድሮው አይነሳም፣ ጣቶቹም ዕቃ አይጨብጡም አለችን። ባሌ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቀኙ ደህና ነው አይደል?»

«ቀኙ ምንም አልሆነም» አለችው።

«እንግዲያው ይበቃል» አለና ተነሳ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ የሐኪሟን በር ማጠፊያ ይመረምር ነበር።

ቤት እያለ ፎርማኑ ሊጠይቀው መጣ። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። ራሱም በር እየሰቀለ ያደገ ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩ የከበደው። ብዙ ዞሮ ዞሮ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ውሃ ልክ፣ የግቢው በር ጥበቃ ቦታ ክፍት ነው። ወንበር አለው፣ ጥላ አለው። ከሰውም አትለይም።»

«በር ልጠብቅ?»

«ያው በር ነው እንግዲህ» አለ ፎርማኑ፤ ሊያስቀው ፈልጎ ነበር። አልሳቀም።

«እኔ በር እሰቅላለሁ እንጂ አልጠብቅም።»

«ወንድሜ፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም እኮ።»

«ላጨበጭብ አይደለም የምመጣው» አለ ባሌ። «በር ልሰቅል ነው።»

ፎርማኑ ያቀረብኩለትን ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። ባሌ ዝግጁ ነኝ ባለ ቀን ይመጣል፤ አንድ በር ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው ይሰቅላል። ከሰቀለ ቦታው ቦታው ነው። ካልሰቀለ ወንበሩ ግቢው በር ላይ ይጠብቀዋል። ፎርማኑ ሲወጣ እኔን በዓይኑ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን አዞርኩበት፤ ጥፋት ኖሮበት ሳይሆን ያን ቀን የሚቆጡት ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

የሚከብደው በሩን ማንሳቱ መስሏችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ለዚያ ግን እግር አለው። ወለሉ ላይ ቁራጭ እንጨት ያስቀምጣል፣ በላይዋ ጣውላ ያጋድማል፣ የጣውላውን አንድ ጫፍ በሩ ሥር አስገብቶ ሌላውን ሲረግጠው በሩ ከፍ ይላል። በትከሻው ደገፍ አድርጎ በጫማው ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ሁለት እጅ እያለውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ያስቸገረችው ፑንታ ናት፤ ድሪሉ አፍ ላይ ገብታ የምትበሳዋ ብረት። አንዲት የማጠፊያ ብሎን ለማሰር በመጀመሪያ በቀጭኗ ፑንታ ይበሳል። ቀጥሎ አፈ ሰፊዋ ገብታ የብሎኑ ራስ የሚተኛበትን ታጎደጉዳለች። ከዚያ ብሎኑን የምታዞረው ማሰሪያዋ ትገባለች። ሦስቱንም የሚያሽከረክረው ያው አንድ የባትሪ ድሪል ነው። በተቀየረች ቁጥር አንድ እጅ ድሪሉን ይይዛል፣ አንድ እጅ አፉን ጠምዝዞ ይፈታል፣ ፑንታዋን የሚያስገባ ሦስተኛ እጅ ቢኖር ደግሞ አይጠላም ነበር። ባሌ የቀረው አንድ ነው።

ያልሞከረው የለም። ድሪሉን ብብቱ ሥር አደረገው፣ ተንሸራተተ። ፑንታዋን በጥርሱ ያዛት፤ ያን ጊዜ የጮህኩትን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። አንድ ቀን ከደንበኞቼ ጋር ሳወራ ከጓሮ ያላለቀ ስድብ ሰማሁና ሮጥኩ። ድሪሉን ጉልበቶቹ መሐል ሰክቶ ሲታገል ማስነሻዋን ነክቷት፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎበት ቆሟል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ፑንታ እየቀየርኩ ነው» አለኝ፤ በቁም ነገር።

ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ከድሪሉ ይፈታ ጀመር። ወንበሩን፣ ጥላውን፣ የግቢውን በር እንደሚያስብ አውቄ ነበር። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ በማግስቱ ዕቃ መሸጫው አብረን ሄድን።

አብሬው የሄድኩት ገንዘባችንን እንዳይበትን ነው። ወንድ ልጅ የሥራ ዕቃ ቤት ብቻውን አይላክም። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሻጩ ትልቅ ሣጥን ከፍቶ ፊታችን ሲያደርግ፣ ፑንታው ረድፍ በረድፍ ሲያብረቀርቅ፣ የቋመጥኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ይውሰዱ። የሌለበት ነገር የለም» አለ ሻጩ።

«እሱን እንውሰድ» አልኩ።

ባሌ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «እኔ የምጠቀምበት ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ነው። የቀረው የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል።»

በመጀመሪያ የመረጠው ድሪሉ አፍ ላይ የሚሰካውን አንገት ነው። እግራቸው ባለ ስድስት ጎን የሆነ ፑንታዎች ሳይጠመዘዝባቸው በዚህ አንገት ገብተው ይቆለፋሉ። ሻጩ ያመጣው የመጀመሪያው አንገት ፑንታ ሲገባበት ቀለበቱ መሳብ ነበረበት። ባሌ መለሰለት። «ይኼ ለባለ ሁለት እጅ ነው» አለው። ሁለተኛው ፑንታዋ ስትገፋ ራሱ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ነበር። ያን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም።

ከዚያ ፑንታዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። ከቤት ይዞት በመጣው ድሪል ላይ እያስገባ ቀስ ብሎ ያሽከረክራታል። ጫፏ አንድ ነጥብ ላይ ከቆመች ቀጥ ያለች ናት፤ ጫፏ ክብ ከሠራች ጠማማ ናትና ትመለሳለች። የእግሯን ዙሪያ ደግሞ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይዳብሳል። እግሯ ላይ ቀጠን ያለች ቦታ ከሌለች አንገቱ የሚይዝበት ስለሌለው እንጨት ውስጥ ቀርታ ድሪሉ ባዶውን ይመለሳል። «ይቺ ወገብ የላትም» እያለ ወደ ሻጩ ይገፋታል። ሻጩ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ሚስትም የመረጡት እንዲህ ነው?»

«እኔንማ ሳያሽከረክር ነው የወሰደኝ» አልኩት። «አሁን የሚጠነቀቀው ለዚህ ይሆናል።»

ከዚያ ቤት የወጣነው በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ጥቅል ይዘን ነው። ቀጫጭን የእንጨት ፑንታዎች፣ ወፈር ያለች አንድ፣ አፈ ሰፊዋ፣ የኮንክሪቷ፣ ብሎን በማግኔት የምትይዘው ማሰሪያ። ከሣጥኑ ጋር ሳወዳድረው ቅር አለኝ። በመንገዳችን ሁሉ ሣጥኑን አነሳሁበት።

አንገቱ ፑንታ ማስገባቱን አቀለለው፤ ፑንታዎቹን ይዞ መምረጡን ግን አላቀለለውም። ፑንታዎቹን ቆርቆሮ ውስጥ ሲያደርጋቸው ተደበላልቀው ይመረጣሉ፣ ሲመረጡ ድሪሉ መቀመጥ አለበት። እኔ መቀሶቼን የምጠቀልልበት ዓይነት ጨርቅ ሰፋሁለት። ከጨርቁ ለማውጣትም አንድ እጅ ይይዛል አንድ እጅ ይስባል። ብዙ ቀን ጓሮ ቁጭ ብሎ ድሪሉን በቀኙ እንደያዘ ፑንታዎቹን ሲያያቸው ይውላል። አንድ ቀን ፀጉር እያጠብኩ ሳለ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ስሚ፣ እኔ ፑንታውን ወደ ድሪሉ ለማምጣት ነው የተገተርኩት። ለምን ድሪሉ ራሱ አይሄድም?»

ፀጉሯን የማጥባት ደንበኛዬ በአረፋው ውስጥ ሆና «የት ነው የሚሄደው?» አለች። ወደ ጓሮ ተመልሶ ሄደ።

ከጠንካራ እንጨት ጡብ የምታክል ቁራጭ ቆርጦ ቀዳዳዎች በሳባት። ፑንታዎቹን ጫፋቸውን ወደ ታች፣ እግራቸውን ወደ ላይ አድርጎ ተከላቸው። ከዚያ ድሪሉን ከላይ ወደ ታች አውርዶ በአንዷ ላይ ሲጫናት ቀጭ አለች። ሲያነሳው አብራ ተነሳች። ለመመለስ ደግሞ ከእንጨቷ ጎን ጫፉ የተሰነጠቀ የላሜራ ቁራጭ አቆመ፤ ልክ እንደ ሹካ። ፑንታዋን ቀዳዳዋ ውስጥ መልሶ፣ የአንገቱን ቀለበት ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ ድሪሉን ወደ ላይ ሲስብ፣ ሹካው ቀለበቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ አንገቱ ይለቃል፣ ፑንታዋ ቦታዋ ላይ ቆማ ትቀራለች። ጣቱ ፑንታ አልነካም። አምጥቶ ሲያሳየኝ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ የምመሰክረው ስለ ባሌ ስለሆነ ባትምኑኝ አልፈርድባችሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጣላን። ፑንታዎቹን ያሰለፋቸው በሥራቸው ቅደም ተከተል ነው። ቀጭኗ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ አፈ ሰፊዋ፣ ቀጥሎ ማሰሪያዋ፣ ከዚያ አንድ ባዶ ቀዳዳ፣ የቀሩት ከዚያ ወዲያ። ረጅም አጠገብ አጭር፣ ወፍራም አጠገብ ቀጭን። ዓይኔን ወጋኝ።

«ከትንሽ ወደ ትልቅ አድርጋቸው እንጂ፣ እንደ ጤነኛ ሰው።»

«ሥራ በቁመት አይሰለፍም» አለኝ። «እኔ ስሠራ የማየው ማጠፊያውን ነው። እጄ ሳላይ የሚያገኛቸው ቦታቸውን ስለሚያውቅ ነው።»

ከዚያ ጓሮ ውስጥ አሮጌ በር አቁሞ ይለማመድ ጀመር። ቀጭ፣ ጥርርር፣ ቀጭ፣ ጥርርር። ደንበኞቼ «ጓሮሽ ውስጥ ምን ይገጣጠማል?» ይሉኝ ነበር። ባሌ ነው እላለሁ። ድምፁ በመጀመሪያ የተቆራረጠ ነበር፤ እያደር ግን እየተከታተለ መጣና አንድ ቀን ፀጉር ስሠራ ከእሱ ጋር እኩል እየቆረጥኩ መሆኔን አየሁ። ለፎርማኑ ዝግጁ ነኝ ብሎ ላከበት።

ፈተናው ነገ ሊሆን ዛሬ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ መጡ። ልጃቸው ውሃ ልክ የሆነው ከየት ነው ለሚል፣ ከእርሳቸው ነው። በእርሳቸው ቤት ማንኪያ እንኳ ከወንድሞቹ ወጣ ብሎ አይተኛም። ልጃቸውን መረቁት፣ ክንዱን አሹለት፣ እሱ ሰውነቱን ሊታጠብ ሲገባ እኔም ደንበኛ መጥቶብኝ ወጣሁ። ስመለስ በረንዳው ላይ ጨርቅ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እንጨቷ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍናለች።

«አቧራ በልቷት ነበር፤ ጠረግኩለት» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ባሌ ከነፎጣዋ ቦርሳው ውስጥ አስገብቶ ሄደ።

ባትሪው ግን ቻርጀሩ ላይ ቀርቷል። ሳየው ሱቄን እንኳ ሳልዘጋ ይዤው ሮጥኩ። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኙ በር የሌላቸው ክፍሎች። ፎርማኑ አንዱ ክፍል ፊት ቆሟል፣ ሠራተኞቹም ሥራ እንዳላቸው ሰዎች ዕቃ ይዘው ዙሪያውን ይዞራሉ። ባሌ ባትሪውን ተቀብሎኝ በጉንጩ ፈገግ አለ። ሂጂ አላለኝም፤ ቢለኝም አልሄድም ነበር።

መቃኑ ላይ የማጠፊያዎቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ። እንጨቷን በቀኙ በኩል አስቀምጦ ፎጣዋን ሳያይ ገፈፋት። ዓይኑ ምልክቱ ላይ ነው። ድሪሉ ወረደ፣ ቀጭ አለ፣ ተነሳ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ «ኧረ እዩት» ሲል ሰማሁት። ከላይኛው ማጠፊያ ጀመረ። ቀጭኗ ፑንታ ስትበሳ ድምጿ የሚያፏጭ ነው። ይቺ አጉረመረመች። ወዲያው አቆመ፣ ግን ገብታለች። መቃኑ ላይ ብሎን የማይይዝ ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቷል።

ዞሮ እንጨቷን አየ። እኔም አየሁ። ፑንታዎቹ ከረጅም ወደ አጭር፣ አንዷ ከአንዷ በልክ እያነሰች፣ ተወልውለው እያብረቀረቁ ተሰልፈዋል። እንዲህ የሚያሰልፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ቢባል አማቴ የሚሰሙ አይደሉም። «እናቱ ናቸው፣ የእሱ ጥፋት አይደለም» የሚለው ቃል ጥርሴ ሥር ደርሶ ነበር። ግን ማንም እንዳይነካው ተብሏል፤ አፍም ይነካል። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። ከዚያ በፊት አፌን ስይዝ ያየኝ ሰው የለም።

«ላግዝህ?» አለ ፎርማኑ፤ በቀስታ።

«አይ» አለ ባሌ።

ጠንካራ የእንጨት ስንጣሪ ከወለሉ አንስቶ በጫማው ረገጣት፤ በመሮ ከዚህም ከዚያም ላጣትና ችንካር አደረጋት። የኮላውን ክዳን በጥርሱ ፈታ፣ ችንካሯን ቀባ፣ ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ መታት፣ የተረፈውን በመሮ ከመቃኑ ጋር እኩል ላጨው። በእጄ ብዳብሰው የማላገኘው ሆነ። ከዚያ ኮላው እስኪይዝ ብሎ ወለሉ ላይ ከእንጨቷ ፊት ተቀመጠ።

ሰልፉን ማፍረስ ጀመረ። ድሪሉን ያወርዳል፣ ቀጭ፣ አንዷን አንስቶ ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ያቆማታል፣ ቀለበቱን ሹካው ላይ አያይዞ ይለቃታል። ቀጥሎ ሌላዋን። አንዷንም በጣቱ አልያዛትም። ሥራ ያላቸው መስለው የሚዞሩት ሰዎች ዕቃቸውን አስቀምጠው ቀረቡ። ፎርማኑ ራሱ ቁጢጥ አለ። ባሌ ማንንም አላየም፤ የተቆጣም አይመስልም ነበር። ቀጭኗ ቦታዋ ስትገባ፣ አፈ ሰፊዋ ስትከተል፣ ማሰሪያዋ ስትቆም፣ ሁሉም ሰው አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። ፀጉር ስሠራ እጄን የሚያዩ ሰዎች ገጥመውኛል፤ እንዲህ ግን ታይቼ አላውቅም። ኮራሁ። ገና በሩ ሳይሰቀል፣ ይሰቀል አይሰቀል ሳይታወቅ፣ እዚያው ቆሜ ኮራሁ።

ተነስቶ ከታችኛው ማጠፊያ ጀመረ፤ የላይኛውን ኮላ ጊዜ ሊሰጠው ነው። በሳ፣ አጎደጎደ። በሩን በጣውላው አነሳ፣ በትከሻው ደገፈ፣ በጫማው አስተካከለ። ብሎኑ በማግኔቱ ተይዞ ሄደና ገባ። መካከለኛው ተከተለ። የላይኛው ላይ ሲደርስ ችንካሯን መሐል ለመሐል በቀጭኗ በሳት፤ እያፏጨች ገባች። ብሎኑ የመጨረሻውን ዙር ሲዞር እንጨቱ ጭብጥ አድርጎ ሲይዘው እኔ እንኳ ከቆምኩበት አወቅሁት።

ፎርማኑ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ወለሉን አልነካም። ከዚያ ግማሽ ላይ አድርጎ እጁን አነሳ። ሁላችንም በሩን ስናይ ቆየን። በሩ የትም አልሄደም። ትንሽ ገፋ አድርጎ እንደገና ተወው፤ እዚያም ቆመ። ፎርማኑ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈ።

«ነገ ሁለተኛው ፎቅ ትጀምራለህ» አለው። ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ ዞረ። «እኔ የምለው፣ እነዚህን ፑንታዎች ለፎቶ ያሰለፋቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባሌ።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም። «ለምን እናትህ መሆናቸውን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ዕቃውን ሳያይ ሥራ የጀመረው እኔ ነኝ። እናቴ መቃኑ ላይ አልነበረችም።»

አማቴ በረንዳው ላይ ይጠብቁን ነበር። መሰቀሉን ሲሰሙ ቆመው አመሰገኑ፤ ከዚያ እንደ ዋዛ «ያሰለፍኩልህስ ጠቀመህ?» አሉት።

«ምን ልበልሽ እማዬ» አለ ባሌ፤ «ሰው ሁሉ መጥቶ ነው ያየው።»

እርሳቸው ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ገቡ፤ እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በዚያው ሳምንት ሌላ እንጨት ሠራ። በዚህኛው የእያንዳንዷ ቀዳዳ በራሷ ልክ ነው፤ ቀጭኗ ቤት ወፍራሟ አትገባም፣ ወፍራሟ ቤት ቀጭኗ አትቆምም። አማቴ በሌላ ጊዜ መጥተው ጠርገው ሊያሰልፏቸው ቢታገሉ እምቢ አሏቸው። «ይኼኛው እንጨት ግትር ነው» ብለው በየቦታቸው መለሷቸው። እናቱን ሳያስቀይም ከሥራው አስወጣቸው፤ እኔ ይህን ጥበብ ለራሴ ጉዳይ እንዲያስተምረኝ እየለመንኩት ነው።

ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ እንጨት መጠየቅ የጀመሩት ያኔ ነው። በመጀመሪያ አንዱ አየት አድርጎ «ለእኔም ብትቆርጥልኝ» አለው። የሰው ፑንታ እየጠፋ፣ እየወደቀ፣ በጥርስ እየተያዘ መዋሉ ለካ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አልነበረም። ከተራፊ እንጨት እየቆረጠ ሠራላቸው፤ ሹካውንም እንዴት እንደሚያቆሙት አሳያቸው።

ከወራት በኋላ የቤቱን ቁልፍ ረስቼ ልቀበለው ወደ ሥራው ቦታ ሄድኩ። ላይኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ በየበሩ መቃን ፊት አንድ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት የሥራ ልብስ፣ ሁሉም በእንጨት ዱቄት ነጥተዋል። ድሪሉን በቀኝ እጅ ያወርዳሉ፣ ቀጭ ይላል፣ ያነሳሉ። የአንዱ ግራ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው፣ የሌላው ሥራ ፈትቶ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የወዲያኛውም እንደዚያው። የእኔን ፈለግኩ። ከወዲህ እስከ ወዲያ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፣ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ስሙን ጠራሁ።